ስለ እግዚአብሔር ብለን ስለ ዓሣ አንዋሽ

ዛሬ የምንጽፈው ዕዳ ስላለብን ነው። ዕዳው የአንድ ወጣት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ስለ ፍጥረት እያጠናን ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ እጁን አወጣና፣ «የባዮሎጂ መምህራችን መጀመሪያ ወንድ ሆኖ ኖሮ በኋላ ሴት የሚሆን ዓሣ አለ ብለውናል። እውነት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። የጥናቱ መሪዎች እኛ ነበርን፤ ለመመለስ ትንሽ እንኳ አላመነታንም። «ይህ የዓለም ፈጠራ ነው። ወንድ ወንድ ነው፣ ሴት ሴት ናት፤ አለቀ» አልነው። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባትም ነገሩን በተረት ዘጉት፦ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ተወው ልጄ!» ሁላችንም ሳቅን። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ሲመጣ እናየዋለን፤ ሲጠይቅ ግን ሰምተነው አናውቅም።

በኋላ ነገሩን ስናጣራ ልጁ ትክክል ነበር። መምህሩም ትክክል ነበሩ። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ የተሳሳትነውም በእግዚአብሔር ስም ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ዝም ማለት ያልቻልነው።

ልጁ የሰማው ነገር ምን ነበር?

ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ናቸው። ትውልድ ትውልድን እየተካ፣ ከኖራ የሚሠሩት ቅሪታቸው እየተደራረበ፣ በባሕር ውስጥ ትልቅ የድንጋይ ከተማ ይገነባሉ። ይህ ከተማ ኮራል ሪፍ ይባላል። ለእኛ እጅግ ሩቅ አይደለም፤ ቀይ ባሕር ከዳህላክ ደሴቶች አንሥቶ እስከ ሰሜን ጫፉ ድረስ በዚህ የተሞላ ነው።

በዚያው በቀይ ባሕር ክላውንፊሽ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ። መልኩ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ ነው፤ በሁለት ነጭ መቀነት ታጥቋል። ቤቱ አኔሞኒ የሚባል፣ አበባ የሚመስል ግን የሚናደፍ የባሕር እንስሳ ነው። ሌላው ዓሣ ወደዚያ ሲጠጋ ይነደፋል፤ ክላውንፊሽ ግን ቆዳውን የሸፈነው ዝልግልግ ፈሳሽ ስለሚጠብቀው በመካከሉ ተሸሽጎ ይኖራል።

በአንድ አኔሞኒ ውስጥ ያለው ቤተሰብ በመጠን የተደረደረ ነው። ከሁሉ የምትበልጠው ሴቴዋ ናት። ከእርሷ ቀጥሎ የሚመጣው ወንዴው ነው፤ የሚራቡትም እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከእነርሱ በታች ጥቂት ትንንሾች ይኖራሉ፤ እነዚህ ገና ተራ ይጠብቃሉ። ሴቴዋ ከሞተች ባሏ ሌላ ሚስት ፍለጋ አይወጣም። ቤቱን ጥሎ ቢወጣ በመንገድ የሚበላው ብዙ ነው። ይልቁንም እርሱ ራሱ ቀስ በቀስ ወደ ሴቴነት ይለወጣል፤ ከትንንሾቹ ትልቁ ደግሞ አድጎ ወንዴ ይሆናል። ሐንስ ፍሪክ እና ሲሞን ፍሪክ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1977 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ከጥናታቸው አንዱ ክፍል የቀይ ባሕሩን ክላውንፊሽ የሚመለከት ነበር።

እንዴት ይሆናል? የወንዴው የዘር ዕጢ ከመጀመሪያው ሁለቱንም ይዟል። የወንዴ ዘር የሚያመርተው ክፍል ሲሠራ፣ እንቁላል የሚያመርተው ክፍል ሳይበስል ይቆያል። ሴቴዋ ስትታጣ የቆየው ይበስላል፤ የሚሠራው ደግሞ ይከስማል። ስለዚህ ነገሩ አስማት አይደለም። ድንገት የመጣ ብልሽትም አይደለም። የዚህ ዓሣ የተለመደ የአኗኗር ሥርዓቱ ነው።

ብዙ ልጆቻችን በ2003 የወጣውን «ፋይንዲንግ ኒሞ» የተባለ የካርቱን ፊልም አይተዋል። በዚያ ፊልም እናቲቱ ትሞታለች፤ አባትየው ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። በእውነተኛው ባሕር ቢሆን ኖሮ ግን አባትየው ወደ ሴቴነት መለወጥ በጀመረ ነበር። ልጆቻችን ይህን ዛሬ ወይም ነገ ከስልካቸው ይሰሙታል። ጥያቄው መስማታቸው ሳይሆን፣ ሲሰሙ እኛ ምን ብለናቸው እንደ ነበር የሚያስታውሱት ነገር ነው።

በሌላውም አቅጣጫ

ከሴቴ ወደ ወንዴ የሚለወጡት ደግሞ ከዚህ ይበዛሉ። በቀይ ባሕር በመንጋ የሚዋኝ አንቲያስ የሚባል ብርቱካናማ ዓሣ አለ። ሌቭ ፊሸልሰን የተባሉ እስራኤላዊ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ በ1970 እንዳሳዩት፣ ወንዴው ከመንጋው ሲወጣ ከሴቴዎቹ አንዷ ወንዴ ትሆናለች፤ ወንዴው እያለ ግን ይህ አይሆንም።

በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ ላይ ደግሞ የሌሎችን ዓሦች ገላ እየለቀመ የሚያጸዳ አንድ ትንሽ ዓሣ አለ። አንድ ወንዴ ከጥቂት ሴቴዎች ጋር ይኖራል። ሮስ ሮበርትሰን የተባሉ ተመራማሪ በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ ወንዴው ሲጠፋ ትልቋ ሴቴ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ እንደ ወንዴ መመላለስ ትጀምራለች። ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ተኩል ባለው ጊዜ የወንዴ ዘር መስጠት ትችላለች።

በካሪቢያን ባሕር የሚኖር ራሱ ሰማያዊ የሆነ ሌላ ዓሣ ላይ የተደረገ ጥናት የውስጡን አሠራር ገልጦ አሳይቷል። በ2019 የወጣው ይህ ጥናት እንደሚለው፣ ወንዴው ሲወገድ በትልቋ ሴቴ ሰውነት ውስጥ አሮማቴዝ የተባለው ኤንዛይም ጂን ይዘጋል። አሮማቴዝ የሴቴነትን ሆርሞን፣ ኤስትሮጅንን፣ የሚያመርት ነው። እርሱ ሲዘጋ እንቁላል ይመረትበት የነበረው ቦታ ይፈርሳል፤ የወንዴ ዘር የሚመረትበት ይገነባል። ይህ ሁሉ በዐሥር ቀን ገደማ ያልቃል። ለውጡ የሚከናወነው ጂኖቹ ራሳቸው ተቀይረው አይደለም፤ የትኛው እንደሚነበብና የትኛው እንደሚዘጋ ትእዛዙ ተቀይሮ ነው።

ሳይንቲስቶች «ለምን?» ብለው ሲጠይቁ ማይክል ጊስሊን በ1969 ያቀረቡት ሐሳብ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ አንድ ዓሣ ትንሽ ሲሆን በአንዱ ጾታ፣ ትልቅ ሲሆን በሌላው ብዙ የሚወልድ ከሆነ መለወጡ ይጠቅመዋል። አንዱ ትልቅ ወንዴ ብዙ ሴቴዎችን በሚገዛበት መንጋ ትልቁ ዓሣ ወንዴ ቢሆን ይሻላል። በክላውንፊሽ ቤት ግን ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የእንቁላሉም ቁጥር ከሴቴዋ መጠን ጋር ይጨምራል፤ ስለዚህ ትልቁ ዓሣ ሴቴ ቢሆን ይሻላል።

ነገሩን ከልክ በላይ እንዳናሰፋው ይህንም እንጨምር። በዓለም ላይ ከ30,000 የሚበልጡ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ጾታቸውን እንደሚለውጡ የሚታወቁት 500 ገደማ ናቸው። አብዛኞቹ ወንዴ ወይም ሴቴ ሆነው አድገው እንደዚያው ይሞታሉ። የሚለወጡትም ቢሆኑ ለመራባት አንዱ እንቁላል፣ ሌላው ዘር መስጠት አለባቸው።

የመጀመሪያው ስሕተት፦ መካድ

ታዲያ ያን ቀን ለምን ካድን? እውነቱን እንናገር፤ ፈርተን ነው። የልጁ ጥያቄ ስለ ዓሣ ቢሆንም፣ እኛ የሰማነው ስለ ሰው የሚደረገውን ክርክር ነበር። ዓሣው ከተለወጠ ቃሉ የሚፈርስ መሰለን። ስለዚህ እግዚአብሔርን ለመከላከል ቸኩለን የእግዚአብሔርን ፍጥረት ካድን።

ኢዮብ ለወዳጆቹ የተናገረውን እናስታውስ። ለአምላክ ብለው ሐሰት የሚናገሩትን ወቅሷቸዋል። በመጽሐፉ መጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በጠያቂው በኢዮብ ላይ ሳይሆን ጠበቃው ነን ባሉት ላይ ነበር። ደግሞስ እግዚአብሔር ለኢዮብ ሲገለጥ ምን አሳየው? እንስሳትን! የበረሃውን አህያ፣ ሰጎንን፣ ንስርን፣ የባሕሩን ታላቅ አውሬ አሳየው። ሰጎን እንቁላልዋን መሬት ላይ ጥላ እንደምትሄድ እንኳ አልሸሸገውም። ፍጥረቱን እንዳለ ነው የገለጠለት፤ እኛ እንድናፍርበት አስተካክሎ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ፤ እኛም ዘግይተን ነው ያስተዋልነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያው በረከት ለማን እንደ ተሰጠ ታውቃላችሁ? ለሰው አይደለም። በአምስተኛው ቀን ለባሕር ፍጥረታትና ለወፎች ነው። ብዙ፣ ተባዙ የሚለው በረከት ከእኛ በፊት በዓሣ ላይ ወርዷል (ዘፍ. 1፥22)። ደግሞ ልብ ብላችሁ አንብቡ፦ ወንድና ሴት የሚለው ቃል በዚያ ምዕራፍ የተነገረው ስለ ሰው ነው። ዓሣው በረከቱን በምን መንገድ እንደሚፈጽመው ምዕራፉ አልዘረዘረም። ያልተጻፈውን ጨምረን ያነበብነው እኛ ነን፤ ስለ ሰው የተነገረውን በዓሣ ላይ ጫንን። ዓሣው የእኛን ሕግ አልተላለፈም፤ ሕጉ ለእርሱ አልተሰጠውምና። እርሱ በተባረከበት መንገድ እየተባዛ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት፦ ዓሣን ሰባኪ ማድረግ

ከመካድ የዳነ ሰው ሌላ ጉድጓድ ይጠብቀዋል። ዛሬ በየማኅበራዊ ሚዲያው «ዓሣው እንኳ ይለወጣል፤ ስለዚህ ሰውም...» የሚል አለ። በእኛም ወገን ደግሞ «ተፈጥሮን ተመልከቱ፤ ሁሉም እንስሳ ወንድና ሴት ሆኖ ይኖራል፤ ስለዚህ...» ብለን መድረክ ላይ የጮኽን አለን። ሁለቱ ክርክሮች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። ሁለቱም የሰውን ኑሮ ለዓሣ ዳኝነት አቅርበዋል።

ዓሣ ዳኛ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ፍርዱን እንቀበል። ፒተር በስተን የተባሉ ተመራማሪ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ክላውንፊሾችን አጥንተው በ2003 እንዳሳተሙት፣ ከታች ያሉት ትንንሾች ከበላያቸው ካለው ጋር እንዳይስተካከሉ እድገታቸውን ራሳቸው ይገታሉ። ከልክ ያለፈ ካደገ ከቤት የመባረር አደጋ አለበት፤ መባረር ማለት ደግሞ መበላት ነው። ይህን ለቤተሰብ አርአያ የሚያደርግ ማን አለ? ማንም የለም። እንግዲያው ደስ ያለንን ከዓሣው ወስደን ያልጣመንን መተው ማስረጃ አይባልም። አባቶቻችን ዓሣ መብላት በብልሃት ነው ይሉ ነበር፤ ሥጋው ይበላል፣ እሾኹ ይለያል። ስለ ዓሣው የተነገረው እውነት ሥጋው ነው። ከዚያ ተስቦ በሰው ላይ የሚጫነው ድምዳሜ እሾኹ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ይሰካል።

በዚህ አምድ ስለ ሰው አካልና ስለ ጋብቻ ያለንን እምነት አልደበቅንም፤ ዛሬም አልተውነውም። የምንለው ይህን ነው፦ ያንን እምነት ከቃሉ የያዝነው ከሆነ ከቃሉ እንያዘው። በክላውንፊሽ የቆመ እምነት በክላውንፊሽ ይወድቃል።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበናል። ስለዚህ ጉዳይ ስንናገር የምንስቀው ሳቅ አለ። ያን ቀን የሳቅነው ዓይነት ማለት ነው። በጉባኤያችን መካከል ከልደታቸው ጀምሮ አካላቸው እንደ ብዙኃኑ ያላደገ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ በሆርሞን ወይም በአካል አፈጣጠር ምክንያት በዝምታ የሚቸገሩ፣ ለማንም ያልነገሩ። ስለ ዓሣው የወረወርነው ቀልድ እነርሱን ይወጋል። ጌታችን ራሱ ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ ከሌላው የተለዩ ሰዎች እንዳሉ ሲናገር አልሳቀም (ማቴ. 19)። ከአገራችን ስም ጋር የተያያዘው የመጀመሪያው ተጠማቂም ጃንደረባ ነበር (ሐዋ. 8)። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሲቀርብ ስለ አካሉ አልጠየቀውም፤ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው። ያ ሰው ጥያቄ ነበረው፤ መልስም አገኘ፤ ደስ ብሎትም መንገዱን ሄደ። የእኛ ልጅ ግን ጥያቄውን ይዞ ተቀመጠ።

«ይህን ለወጣቶች መንገር አያደናግራቸውም?»

ይህን የሚጠይቁን አባቶችና እናቶች አሉ። ጥያቄያቸው ከፍቅር ስለሆነ እናከብረዋለን። መልሳችን ግን ይህ ነው፦ ወጣቱን የሚያደናግረው ዓሣው አይደለም። የሚያደናግረው በቤተ ክርስቲያን ሐሰት ነው የተባለው ነገር በትምህርት ቤት እውነት ሆኖ ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ «ስለ ዓሣ የዋሹኝ ስለ ትንሣኤስ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ያመጣንበትም እኛ ነን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና፣ እውነቱን ከእኛ አፍ ቢሰማው ይሻላል።

አናውቅም ማለትም መልስ ነው። ያን ቀን «አናውቅም፤ አጣርተን እንነግርሃለን» ብንል ኖሮ ከሦስት ቃል በላይ ባልፈጀብን ነበር። ኩራት ግን ሦስት ቃል እንኳ ያከብዳል።

ለተባረከው ፍጥረት ያለብን አደራ

እስካሁን የተናገርነው ስለ አንደበታችን ነው። እጃችንስ? እኛ ዓሣው ይለወጣል፣ አይለወጥም እያልን ስንከራከር፣ ያ የመጀመሪያው በረከት ያረፈበት ፍጥረት እየተጎዳ ነው።

በ2016 የባሕር ውኃ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው በሞኦሬያ ደሴት አኔሞኒዎች ነጡ። በነጡት ውስጥ የሚኖሩት ክላውንፊሾች ሴቴዎቹ የሚጥሉት እንቁላል በ73 በመቶ ቀነሰ። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በቤተ ሙከራ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የበራባቸው የክላውንፊሽ እንቁላሎች አንዳቸውም እንዳልተፈለፈሉ አሳይቷል። እንቁላሉ የሚፈለፈለው በጨለማ ነው፤ ወንዴው በክንፉ እያራገበ ሳምንት ያህል ጠብቆት ጨለማ ካልመጣ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ጾታ መለወጣቸውን ማወቅ ለጥበቃ የሚጠቅምበት መንገድም አለ። ግሩፐር ከሚባሉት ትልልቅ ዓሦች ብዙዎቹ ሕይወታቸውን በሴቴነት ጀምረው ሲያረጁ ወንዴ ይሆናሉ። አጥማጅ ደግሞ ትልቁን ይመርጣል። ትልልቆቹ ሁሉ ሲወጡ ሴቴዎች ብቻ ይቀራሉ። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከሚኖሩት አንዱ ዝርያ በ1970ዎቹ ከመቶው 17 ገደማ ወንዴ ነበር፤ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ የቀሩት ወንዴዎች ከመቶ በጣም ጥቂት ሆኑ። ይህን የካደ ሰው ዓሣውን ሊጠብቀው አይችልም። አደራ የተሰጠውን ንብረት ሳያውቅ የሚጠብቅ መጋቢ የለም። ስለ ፍጥረት እውነቱን መናገር እንግዲህ ለክርክር ብቻ ሳይሆን ለታማኝነትም ያስፈልገናል።

ዕዳችንን ስንከፍል

ባለፈው ወር ያንን ወጣት ፈልገን አገኘነው። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። «ያን ቀን የጠየቅኸው እውነት ነበር። እኛ ሳናውቅ መለስንልህ፤ ሳቅንብህም። ይቅር በለን» አልነው። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እኔ የከፋኝ ዓሣው አልነበረም። መጠየቅ ኃጢአት መስሎኝ ቀረ» አለን። ከዚህ የከበደ ስብከት ሰምተን አናውቅም።

ወገኖች ሆይ፣ በየኅብረታችን እጁን የሚያወጣ ልጅ ካለ እባካችሁ አንሳቅበት። የምናውቀውን እንንገረው፤ የማናውቀውን አብረነው እንፈልግ። ባሕሩን የሠራው ጌታ በባሕሩ ውስጥ ባለው ነገር አያፍርም። እኛስ ምን አሳፈረን?

ያ ወጣት ከመለየታችን በፊት ፈገግ ብሎ፣ «ግን ትልቋ ሴቴ መሞቷን ሌላው ዓሣ በምን ያውቃል?» ሲል ጠየቀን። ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄው ነበር። የመለስንለት እንዲህ ብለን ነው፦ «አናውቅም፤ አጣርተን እንነግርሃለን።»